ውሃው የማን ነው? የአዋሽ ወንዝ፣ ድርቅና የታችኛው ሰው ሐቅ



ውድ አድማጮቻችን፣ ድርቅ በመጣ ቁጥር ከሁላችንም አንደበት የሚወጣ አንድ ቃል አለ፤ «ዝናቡ ጠፋ» እንላለን። ቃሉ እውነት ነው። ዝናብን የሚያወርደውም የሚይዘውም አላህ (ሱ.ወ) ነው። ሶላተል ኢስቲስቃእ የምንሰግደውም ለዚሁ ነው። ነገር ግን ዝናቡ በጠፋበት በዚያው ዓመት፣ በዚያው ወንዝ ዳር፣ የአንዱ ሸንኮራ አገዳ እንደለመለመ የሌላው ከብት በጥም ሲወድቅ ካየን ጥያቄው የሰማይ ብቻ አይሆንም። የምድርም ነው። ውሃውን ማን ያዘው? በምን ሕግ ያዘው? ተራውስ እንዴት ተደለደለ? ብለን ልንጠይቅ ይገባናል።

ዛሬ ይህንኑ የምንጠይቀው ሁላችንም ስሙን በምናውቀው በአዋሽ ወንዝ ላይ ነው። በዚህ ንግግር የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ የሂጅራና የኢትዮጵያ ብለን ካልለየናቸው በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባሕር የማይደርሰው ወንዝ

አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ ከጊንጪ አካባቢ ከፍተኛ ቦታዎች ይነሣል። በቆቃ፣ በወንጂ፣ በመተሐራና በአዋሽ ከተማ አድርጎ ወደ አፋር ምድር ይወርዳል። አሚባራን፣ ገዋኔን፣ ዱብቲንና አሳይታን አልፎ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ውስጥ ገብቶ ያበቃል። ርዝመቱ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አባይ ከአገር ይወጣል፤ አዋሽ ግን ከአገርም አይወጣ፣ ባሕርም አይደርስ። እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ያልቃል። ስለዚህ የአዋሽ ክርክር ከሌላ መንግሥት ጋር የሚደረግ ክርክር አይደለም፤ የአንድ አገር ልጆች እርስ በርስ የሚያደርጉት ነው።

ወንዙ ሲነሣ ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል፤ ሲያበቃ 250 ሜትር ገደማ ነው። በላይኛው ደጋ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይወርዳል፤ በታችኛው አፋር ግን በደህናው ዓመት 200 ሚሊ ሜትር መድረሱ በጭንቅ ነው። እንግዲህ አስተውሉ። ውሃው የሚገኘው ከላይ ነው፤ አጥብቆ የሚፈልገው ደግሞ ከታች ያለው ነው። ከላይ ያለው ሰው ዝናብም ወንዝም አለው። ከታች ያለው ያለው ወንዙ ብቻ ነው።

ያች ቀጭን እርጥብ መሬት

የነገሩን ሥር ለመረዳት የአርብቶ አደሩን ዓመት ማወቅ ያስፈልጋል። ከከተማ ሆኖ ሲያዩት የአፋር ምድር ሰፊ ነው፤ ባዶ ይመስላል። ባዶ ግን አይደለም። አፋሮች ከርማ ብለው የሚጠሩት ዋናው ዝናብ ሲዘንብ መንጋው ከወንዙ ርቆ እንደ አሊደጌ ወዳሉት ሜዳዎች ይወጣል። እዚያ ሣሩ ያለው ዝናቡ እስኪደርቅ ድረስ ነው። ሜዳው ሲደርቅ መንጋው ወደ አዋሽ ዳር ይመለሳል። ወንዙ በክረምት ሞልቶ ሲፈስ ዳር ዳሩን አጥለቅልቆ ያልፋል፤ ውሃው ሲሸሽ በተወው ደለል ላይ ሣር ይበቅላል። ያ ሣር ነው ደረቁን ወራት የሚያሻግረው።

ይህች የወንዝ ዳር መሬት ከጠቅላላው የግጦሽ ምድር ጋር ስትነጻጸር ትንሽ ናት። ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ የሚያቆመው እርሷ ናት። የአሥር ወር ቀለብ በጎተራው ያለው ቤተሰብ የቀረችውን የሁለት ወር ቀለብ ቢያጣ ሞቱ በነዚያ ሁለት ወራት ነው። የአሥሩ ወር እህል መኖሩ አያድነውም። የወንዝ ዳሯ መሬት ስትወሰድም እንደዚሁ ነው፤ ሰፊው ሜዳ በቦታው ቢቀርም ዋጋ ያጣል። ብዙ ሰው የሚስተው ይህንን ነው። «ይህን ሁሉ መሬት ይዘው ጥቂቷን ለልማት ብትሰጥ ምን ይጎዳቸዋል?» ይባላል። ጉዳቱ ከሄክታሩ ብዛት ላይ አይደለም፤ የተወሰደችው የትኛዋ መሬት እንደሆነች ነው መታየት ያለበት።

እርሻው ሲመጣ

በ1954 የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ በወንጂ የስኳር ፋብሪካ ከፈተ። በ1960 በጣሊያን የጦር ካሳ የተሠራው የቆቃ ግድብ ተጠናቀቀ። ግድቡ የኤሌክትሪክ ኃይል ሰጠ፤ በዚያውም የወንዙን አካሄድ ለወጠ። ክረምት የሚመጣው ጎርፍ ተይዞ ዓመቱን በሙሉ በልክ መለቀቅ ጀመረ። ለመስኖ እርሻ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ለወንዝ ዳሩ ሣር ግን ጎርፉ ራሱ ነበር ውሃው። በ1962 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። በዚያው አሥርተ ዓመት ሚቸል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በተንዳሆ ጥጥ ማምረት ያዘ፤ በመተሐራም ሌላ የስኳር ፋብሪካ ተሠራ። በወንጂ የጅሌ፣ በመተሐራ የከረዩ ኦሮሞዎች፣ ከዚያ በታች አፋሮች የወንዝ ዳር ግጦሻቸውን ለቀቁ። የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክም በዚያው ዘመን ተከልሎ ተጨማሪ ግጦሽ ያዘ።

ይህ ሁሉ በምን ሕግ ተደረገ? በ1955 የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 130 በሰው ስም ያልተያዘ ንብረትን፣ የግጦሽ መሬትንና የውሃ መውረጃዎችን ጨምሮ፣ የመንግሥት ይዞታ አድርጎ ነበር። አርብቶ አደሩ ደግሞ መሬቱን የሚያውቀው በጎሳው ነው፤ በወረቀት ላይ በአንድ ሰው ስም የተጻፈ የለውም። ስለዚህ በሕጉ ዓይን መሬቱ ባለቤት የለውም ተባለ። ለብዙ ትውልድ ሲጠብቀውና ሲጋደልለት የኖረው ሰው በአንድ አንቀጽ እንግዳ ሆነ።

ፍትሕ እንድንናገር ታዘናልና የሌላውንም ወገን መናገር አለብን። እርሻዎቹ ለብዙ ሺህ ሰዎች ሥራ ሰጥተዋል። ጥጡ ለፋብሪካዎቻችን፣ ስኳሩ ለየቤታችን ደርሷል። አገሪቱ በውጭ ምንዛሪ የምትገዛውን በራሷ ማምረቷ መልካም ነው። ከአፋሮችም መካከል የጠቀማቸው ነበሩ፤ የአውሳው ሱልጣን ዓሊሚራህ ሐንፈሬ በታችኛው አዋሽ ጥጥ እርሻን አስፋፍተው ነበር። ስለዚህ ነገሩ በአንድ ብሔርና በሌላ ብሔር መካከል ያለ ጠብ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። በአንድ በኩል ውሃን ወደ ገንዘብ መለወጥ የቻለ አለ፤ በሌላ በኩል ውሃ ለሕይወቱ ብቻ የሚበቃው አለ።

የ1973 ምስክርነት

ከዚያ ድርቁ መጣ። ከ1972 እስከ 1974 ወሎንና አፋርን የመታው ረሃብ በየቤታችን ሲነገር የኖረ ነው፤ እዚህ ሐዘኑን መድገም አንፈልግም። አንድ ነገር ግን እንያዝ። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን በ1981 ባሳተመው ስለ ድህነትና ረሃብ በተጻፈ መጽሐፉ ይህን ረሃብ መርምሯል። በዚያ ዓመት በአገሪቱ በጠቅላላው የነበረው እህል ያን ያህል ሕዝብ እስኪያልቅ ድረስ የጠፋ አልነበረም። ከወሎ ወደ ሌላ አካባቢ የወጣ እህልም ነበር። ሰው የሞተው እህል በአገር ስለጠፋ ብቻ ሳይሆን እህሉን የሚያገኝበት መንገድ ስለተቋረጠበት ነው።

በአፋር መንገዱ የተቋረጠው በሁለት ቦታ ነበር። አንደኛ፣ ሜዳው ሲደርቅ የሚሸሽበት የወንዝ ዳር በጥጥና በሸንኮራ ተይዟል። ሁለተኛ፣ አርብቶ አደር በድርቅ ጊዜ ከብት ሸጦ እህል ይገዛል። ከብቱ ሲከሳና ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲሸጥ የከብት ዋጋ ይወድቃል፤ የእህል ዋጋ ይወጣል። ትናንት ጆንያዎች እህል ይገዛ የነበረ በሬ ዛሬ ለልጆች የሳምንት ቀለብ አይሆንም። ሰውየው ሁለት ጊዜ ተመታ ማለት ነው፤ በሜዳው ላይ አንድ ጊዜ፣ በገበያው ላይ ደግሞ ሌላ ጊዜ። በሽኩቻው መካከል ግን እርሻው መስኖው አልተቋረጠበትም፤ ለምን ቢባል ወንዙ ጨርሶ አልደረቀም።

መንግሥት ሲለወጥ

በ1975 ደርግ የገጠርን መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ነው ብሎ አወጀ። የግል ኩባንያዎቹ እርሻዎች የመንግሥት እርሻ ሆኑ። ሱልጣን ዓሊሚራህ ከአገር ተሰደዱ፤ አፋሮችም ጠመንጃ አነሡ። እርሻው ባለቤቱን ለወጠ እንጂ መሬቱ ወደ መንጋው አልተመለሰም። እንዲያውም በመካከለኛው አዋሽ በአሚባራ መስኖው ይበልጥ ሰፋ። ውሃውን መሬት ውስጥ እያጠጡ የሚወጣበትን ቦይ በጊዜው አለመሥራት ደግሞ ሌላ መዘዝ አመጣ። የከርሰ ምድሩ ውሃ ወደ ላይ ወጥቶ ጨው ይዞ መጣ፤ በመልካ ሰዲ ብዙ መሬት በጨው ተመትቶ ተተወ። ለእርሻም ለግጦሽም የማይሆን ሆኖ ቀረ። አሸዋን እንዲገታ ታስቦ በዚያው ዘመን የተተከለው ፕሮሶፒስ የተባለው እሾሃማ ዛፍም ከቁጥጥር ወጥቶ የወንዝ ዳሩን ግጦሽ ዋጠ። አፋሮች «የደርግ ዛፍ» ይሉታል።

ከ1991 በኋላ ከመንግሥት እርሻዎች የተወሰነው መሬት ለአፋር ጎሳዎች ተመለሰ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር። ሆኖም መሬቱ ብዙውን ጊዜ ለባለሀብት ተከራይቶ እርሻነቱን ቀጠለ፤ ኪራዩ ለሁሉም አባወራ እኩል የሚደርስ አልነበረም። ከዚያም በተንዳሆና በከሰም አዳዲስ ግድቦች ለስኳር ልማት ተሠሩ። ግጦሽ በጠበበ ቁጥር ደግሞ አርብቶ አደሮች እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ። በአፋርና በዒሳ፣ በአፋርና በከረዩ መካከል ለፈሰሰው ደም የቆየ ምክንያት ቢኖረውም የጠበበው ሣርና ውሃ እንዳባባሰው መካድ አይቻልም። እነዚህ ሁሉ በአንድ ቂብላ የሚሰግዱ ወንድማማቾች ናቸው።

በ2015 እና በ2016 የደረሰው ድርቅ በኢትዮጵያ ከ10 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ለእርዳታ ዳረገ፤ አፋርና የሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን ክፉኛ ከተጎዱት መካከል ነበሩ። በ2020 ክረምት ደግሞ ያው ወንዝ ሞልቶ ወጣ፤ በአፋር ከአንድ መቶ ሺህ በላይ ሰዎች በጎርፍ ተጎዱ። ግድብ ሲጎድል ውሃውን ይይዛል፤ ሲሞላ ይለቃል። የታችኛው ሰው በደረቁ ዓመት ውሃ አጥቶ፣ በዝናቡ ዓመት ጎርፍ ይቀበላል።

ሕጉ ምን ይላል? ፊቅሁስ?

በ1992 ዓ.ም (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 ውሃን የአገሪቱ ሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ያደርጋል። ከማንኛውም አገልግሎት በፊት ለሰው መጠጥና ለቤት የሚውለው ይቅደም ይላል። መልካም ሕግ ነው። ትልቅ መስኖ የሚያካሂድ ፈቃድ እንዲያወጣ ያዛል፤ በባህላዊ መንገድ ከብት የሚያረባ ግን ፈቃድ አያስፈልገውም። ይህ ለድሃው የተደረገ ማቅለል ነው። ግን አንድ ጥንቃቄ ይሻል። ፈቃድ ያለው ሰው የውሃው መጠን በመዝገብ ተጽፏል፤ ውሃ ሲያንስ «ይህን ያህል የኔ ነው» ብሎ ወረቀት ያሳያል። መንጋውን ይዞ የሚመጣው ምን ያሳያል? መዝገቡ ላይ የሌለ ሰው ድልድሉ ሲደረግ ይረሳል። ስለዚህ የመንጋው ድርሻ ፈቃድ ባያስፈልገውም ተለክቶና ተጽፎ ሊጠበቅ ይገባዋል እንላለን።

የፊቅህ ኪታቦቻችንም ይህን ጉዳይ ባዶ አልተዉትም። የሞተ መሬትን ስለማልማት በሚናገረው ምዕራፍ ውስጥ ስለ ውሃ ተራ በሰፊው ተጽፏል። ሁለት ነገሮችን ብቻ እናንሣ።

አንደኛው ስለ ላይኛውና ስለ ታችኛው ሰው ነው። በመዲና አካባቢ መህዙርና ሙዘይኒብ በተባሉ ሁለት የጎርፍ መውረጃዎች ጉዳይ ረሡል (ሰ.ዐ.ወ) የሰጡት ፍርድ በሙወጧእ ተዘግቧል። የፍርዱ ሐሳብ ላይኛው ውሃው እስከ ቁርጭምጭሚቱ እስኪደርስ ያጠጣ፣ ከዚያ ለታችኛው ይልቀቅ የሚል ነው። ላይኛው ይቀድማል፤ ቅድሚያው ግን ወሰን አለው። ወሰኑም በግምት አልተተወም፤ ማንም ቆሞ ሊያየው በሚችለው በሰው እግር ተለክቷል። ክርክርን የሚያስቀረው ይህ ነው። ልኩ ግልጽ ሲሆን ኃይለኛው ሰበብ ያጣል።

ሁለተኛው ስለ ግጦሽ ነው። ዑመር (ረ.ዐ) ለሕዝብ ጥቅም የተከለለ የግጦሽ ቦታ ነበራቸው፤ ሑነይ የሚባል ጠባቂም ሾሙበት። ቡኻሪ እንደዘገቡት ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን ሰው እንዲያስገባ አዘዙት። የዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍንና የዑስማን ኢብኑ ዐፋንን መንጋ ግን እንዲጠነቀቅ ነገሩት። እነዚህ ሁለቱ ታላላቅ ሶሐቦች ናቸው፤ ዑመር የጠሏቸው አይደሉም። ምክንያታቸው ሌላ ነበር፤ የሀብታሙ መንጋ ቢያልቅ የተምር ዛፍና እርሻ አለው፤ የድሃው ቢያልቅበት ግን ልጆቹን ይዞ ወደ ኸሊፋው መምጣቱ ነው። ያኔ ወርቅና ብር ከመስጠት ዛሬ ውሃና ሣር መስጠት ይቀላል። ያ ምድርም ቀድሞ የኖሩበት፣ የተዋጉለትና በላዩ የሰለሙበት ሰዎች አገር መሆኑን ዑመር በግልጽ ተናግረዋል።

በዚህ ውሳኔ ውስጥ የድርቅ አስተዳደር ዋና መርህ አለ። መጠየቅ ያለበት «ማን ብዙ ያመርታል?» የሚለው ብቻ አይደለም። «ይህ ቢያጣ ሌላ መውጫ ያለው ማን ነው? የሌለውስ?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። እርሻ አንድ ዓመት ምርት ቢቀንስ በሁለተኛው ይተካል። የመራቢያ ላሞቹ ያለቁበት ቤተሰብ ግን መንጋውን ለመመለስ ዓመታት ይፈጅበታል፤ ብዙው ከነጭራሹ አይመልስም።

ምን ይደረግ?

ለአዋሽ የሚሆነው መንገድ ከዚሁ ይወጣል። የታችኛው ሰው ድርሻ ቁጥር ተሰጥቶት ይጻፍ። ዝናቡ በጎደለ ዓመት ማን በምን ያህል እንደሚቀንስ ዝናቡ ደህና በሆነበት ዓመት ይወሰን። በወንዝ ዳር ለክፉ ቀን የሚቀመጥ ግጦሽ ይከለል፤ ወደ ወንዙ የሚወርድ የከብት መንገድም በእርሻ አይዘጋ። ግድብ ውሃ ከመልቀቁ በፊት ከታች ያሉት ይነገራቸው። በድርድሩ ወንበር ላይ የአርብቶ አደሩ ሽማግሌዎችም ይቀመጡ። ድርቁ ከገባ በኋላ የሚደረግ ክርክር ግን ሁልጊዜ የኃይለኛው ነው፤ በዚያ ሰዓት ቦዩን የያዘው ውሃውን ይዟልና።

ውድ ቤተሰቦች፣ «ይህ የባለሥልጣናት ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» እንዳትሉ። ብዙዎቻችን የላይኛው ሰው ነን። አዲስ አበባ ያለችው በአዋሽ ተፋሰስ ውስጥ ነው፤ ከለገዳዲ፣ ከገፈርሳና ከአቃቂ የሚቀዳው ውሃ የዚሁ ወንዝ ወገን ነው። አዳማ የምትጠጣው ከአዋሽ ነው። ከየቤታችንና ከየፋብሪካችን የሚወጣው ቆሻሻ በአቃቂ ወንዝ ገብቶ አዋሽን ይቀላቀላል፤ ከታች ያለ ሰው ይህንኑ ለልጁ ይቀዳል። ጠዋት ሻያችን ውስጥ የምንጨምረው ስኳርም ከወንጂ ወይም ከመተሐራ መጥቶ ሊሆን ይችላል። ስኳሩ ሐላል ነው፤ ጠጡት። ነገር ግን በውስጡ የማን ውሃ እንዳለ ልጆቻችሁ ይወቁ።

በውሃ አጠቃቀማችን ከውዱእ ጀምሮ እንቆጥብ። ቆሻሻችንን ወደ ወንዝ አንልቀቅ። ሶደቃ ስንሰጥ ሰው ከተራበ በኋላ በዱቄት ብቻ አይሁን፤ ከብቱ ሳይሞት በመኖ፣ በጉድጓድ ጥገና፣ በእንስሳት መድኃኒት ይድረስ። ስለ አርብቶ አደር ወንድሞቻችን ሲነገር «ሥራ የማይወዱ፣ ዝም ብለው የሚዞሩ» የሚለውን ንግግር በቤታችን እናስቁም፤ የሚዞሩት ሣርና ውሃ ስለሚዞር ነው። በመስኖ የምታርሱ፣ በእርሻ ድርጅትና በመሥሪያ ቤት ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ ቦዩን በከፈታችሁ ቁጥር ያንን የቁርጭምጭሚት ልክ አስታውሱ። ከዚያ በላይ ያለው የታችኛው ሰው ሐቅ ነው፤ ሐቅ ደግሞ በየውመል ቂያማ የሚጠየቅ ነው።

አላህ (ሱ.ወ) ጠቃሚ ዝናብ ያዝንብልን፤ የሰጠንንም በፍትሕ እንድንካፈል ይርዳን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።